ኑሩ የከፈተው ኮምፒውተር

እንዴት ናችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ የማጫውታችሁ ደስ አይልም፤ ግን ስሙኝ።

የየመን ጦርነት ጊዜ ነው፣ ሳዑዲ ውስጥ፣ የመን ድንበር አጠገብ፣ ጂዛን። ኑሩ የሚባል የወሎ ልጅ በጸሐፊነት ከሚሠራበት የጠበቃ ቢሮ ጣራ ወድቆ ሞተ። ሬሳው ሳይነሳ መርማሪው ጃቢር ደረሰ። ጃቢር የሳዑዲ ሰው ነው፤ እናቱ የወሎ ሴት ስለሆነች ግን አማርኛችንን አሳምሮ ይናገራል።

ጠበቃው ፈይሰል በር ላይ ተቀበለው።

«ራሱን ነው የጣለው። የይመርን ፋይል ከኮምፒውተር አጠፋና ጸጸት ያዘው። መዝገቡን እየው፤ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ኑሩ ከፈተ፣ ኑሩ አጠፋ ይላል። የሚከፈተው በጣት አሻራ ነው፤ አይዋሽም።»

ይመር አል-ኹባ መንደር፣ እርሻ ላይ ዘበኛ ገድለሃል ተብሎ የታሰረ የወሎ እረኛ ነው፤ የሚከራከርለት ፈይሰል ነው። የገደለው የአሠሪው፣ እዚያ ‹ከፊል› የሚሉት ሰውዬ ልጅ እንደሆነ የሚያሳየው ቪዲዮ እዚያ ፋይል ውስጥ ነበር።

«ሌላ ቅጂ የለም?»

«የቀረጸው ልጅ መንደሩ በመድፍ ሲመታ ከነስልኩ ቀረ። እኛም ሥራ ይቀልጥፍ ብለን ሁሉን ኮምፒውተር ላይ ጫንን፤ ወረቀቱንም ፍላሹንም አስወገድን።»

ጃቢር ተንበርክኮ የኑሩን እጅ ገለበጠና ጣቶቹን አንድ በአንድ አየ።

«ድሮ ምን ይሠራ ነበር?»

«ዳማድ ከተማ ሲሚንቶ ያቦካ ነበር» አለች የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ሩቂያ፣ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች።

«ራሱን ይጥላል?»

«ወላሂ አይጥልም! ሰላት የማያሳልፍ ልጅ! ራሱን ገድሏል ብሎ ኢማሙ የቀብር ሰላት አልሰግድበትም ቢልስ?»

«ከማን ጋር ይውላል?»

«ከሙሐረም፣ ከአስተርጓሚው። ጠዋት ጠዋት ኑሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ‹ሙሽራህ ቀረች?› እያልኩ እስቅበት ነበር።»

ሙሐረም ተጠራ።

«የት ነበርክ?»

«ዳማድ ፍርድ ቤት። ረፋድ ላይ፣ ከዙህር ሰላት በፊት ወጥቼ አሁን መግባቴ ነው።»

ጃቢር ሁሉንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበ።

«የኑሩን ጣቶች ሲሚንቶ በልቷቸው ልሙጥ ሆነዋል። እንዲህ ያለ ጣት ማሽን አያነበውም። አሻራ ሲመዘገብ ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ፈራ፤ ወዳጁ በሱ ስም የራሱን ጣት አስመዘገበለት። በር ላይ የሚጠብቀው ለዚህ ነው፤ ያለሱ መክፈት አይችልም። እንግዲህ ዛሬ ‹ኑሩ ከፈተ› ካለ፣ የከፈተው ጣቱን የሰጠው ሰው ነው። ያላ ሙሐረም፣ ጣቶችህን ተራ በተራ አስቀምጥ።»

የቀኝ ጣቱን አስቀመጠ። «ሙሐረም» አለ ማሽኑ። የግራ አውራ ጣቱ ሲነካው፣ «ኑሩ፣ እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

ሩቂያ ጮኸች። ሙሐረም ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ኢቃማዬ አልቋል፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ነኝ። የይመር ከፊል፣ ፋይሉን አጥፋልኝ፣ አሳድስልሃለሁ አለኝ። ሳጠፋ ኑሩ ደረሰብኝ። ለይመር እናት፣ ለዘምዘም ልደውልላት ብሎ ጣራ ወጣ፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ነው። ስልኩን ልቀማው ስል... ገፋሁት።»

«ኸላስ፣ በቃ» አለ ጃቢር ቀስ ብሎ።

ኢማሙ ኑሩ ላይ ሰገደበት። ፋይሉ ግን አልተመለሰም። ሙሐረምም እስር ቤት ሲገባ ፈራና ከፊሉን አላውቀውም አለ። ዳኛው፣ ያላየሁት ቪዲዮ ማስረጃ አይሆንም ብሏል።

ዘምዘም ከወሎ ለሩቂያ ደወለች።

«ገዳዩ ተያዘ አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ልጄስ መቼ ይወጣል?»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ እታለም» አለቻት ሩቂያ።

ይመር ፍርዱን እየጠበቀ ነው። እባካችሁ፣ ስትሰግዱም ስትጸልዩም ስሙን ጠርታችሁ ዱዓ አድርጉለት።