እግድና ተዝካር

እስከዳር ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ወዳለችው የቆርቆሮ ቤት የመጣችው ሦስት ሽማግሌዎች አስከትላ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ከበሩ ሲደርሱ ማዶ ያለውን ምግብ ቤት አዩና ወደዚያው አዘገሙ። ከጎሕ ጀምሮ በእግራቸው ተጉዘው ደብረ ኤልያስ የገቡት ረፋዱ ላይ ነውና አልተቀየመቻቸውም።

እዚያች ቤት ውስጥ ምስጋናው የሚባል ወጣት ራፖር ጸሐፊ ተቀምጦ ለባለጉዳዮች አቤቱታ ይጽፋል። ከል መልበሷን ሲያይ ተነሥቶ የራሱን ወንበር ሰጣት።

«ማን ሞቶብሽ ነው እህቴ?»

«አባቴ።»

«ነፍስ ይማር።»

ጉዳዩን ነገረችው። አባቷ ታረቀ ከጓሮ የተከለውን ባሕር ዛፍ አጎቷ አበረ «ከወንድሜ ጋር የተከልነው ነው» ብሎ እንደቆመ ለነጋዴ ሸጦታል። ቆራጮቹ ከመጪው በዓል ማግስት ይመጣሉ።

«ከተቆረጠ በኋላ ቢፈረድልኝ ምን ይጠቅመኛል?» አለች።

«እግድ ነው የሚያስፈልግሽ። ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካው ማስከልከል ነው።»

«እሱንማ ሰምቼ ነው የመጣሁ። ስንት እንደሚፈጅ ነው ያላወቅሁ።» ከመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን ብር ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ያለን ይኸው ነው። ለተዝካሩ ያስቀመጥነው ነው።»

ምስጋናው ብሩን ሳይነካ ወረቀት ሳበና ወጪውን ይዘረዝር ጀመር።

«እግድ ለብቻው አይቆምም፤ ከዋናው ክስ ጋር ነው የሚገባ። ስለዚህ የዳኝነት ክፍያ አለ። ቴምብር አለ። የመሬት ደብተሩ ኮፒ ይደረጋል። ትእዛዙን ቀበሌ ድረስ ለሚያደርሰው ሰው የባጃጅ ያስፈልጋል። አንቺስ ሌላ ምን አስበሻል?»

«የምስክሮቹን ምሳ። ዋናው ወጪ እሱ ነው።»

«የምን ምስክር?»

በአገጯ ወደ ማዶ አመለከተችው። ምስጋናው አንገቱን አስግጎ አየ።

«ለእግዱ እኮ ምስክር አይጠየቅም» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺው በቃለ መሐላ ታረጋግጫለሽ። እነሱ የሚፈለጉት ዋናው ክርክር ሲሰማ ነው። ምሳ አዘዋል እንዴ?»

«ሁለተኛውን ትሪ ጀምረዋል።»

ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የንስሐ አባቷ ቄስ ኪዳነ ማርያም፣ ከማዶ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እስከዳር፣ ተራችን ሲደርስ ጥሪን። አትቸኩዪ፣ እኛ እዚሁ ነን» አሉ።

እስከዳር ሳቀች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ደንግጣ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ምስጋናው ግን እንዳላየ ሆኖ ወደ ወረቀቱ አቀርቅሮ የምስክሮቹን ምሳ ሰረዘው። ያንን ማቀርቀሩን ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት አስባዋለች።

ወረቀቱን ሲሰጣት አንድ ነገር እንደጎደለው አየች።

«ያንተ ዋጋ የታል?»

«እሱ ይቅር።»

«ከል ስለለበስሁ ነው?»

ጆሮው ቀላ።

«ሌላውን ሰው የምታስከፍለውን ጻፍ» አለች። «በውለታ የቆመ ዛፍ አልፈልግም።»

ጻፈው። ከፈለችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ለቄሱ የቀራትን ብር አሳየቻቸው። ለተዝካር ድግስ አይበቃም፤ አገር የሚጠራበት ቀርቶ ጎረቤት አያስጠራም።

«አባ፣ ለሁለቱ ማብቃቃት አልቻልሁም። አባቴን የበደልሁት መሰለኝ።»

«ታረቀ ያንን ዛፍ ሲተክል እዚያው ነበርሁ» አሉ ቄሱ። «ለደስታም ለሐዘንም ዳስ ስንጥል እንጨት አንለምንም ይል ነበር። ለነፍሱ የሚደርሰው ጸሎቱ ነው፤ ጠላው ለኛ ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ የበላሁት ከተዝካሩ ይቀነስልኝ።»

እግዱ የተሰጠው በበዓሉ ዋዜማ ነው። በማግስቱ ትእዛዙ ጓሮ ሲደርስ ግን ቆራጮቹ ማልደው ገብተው አንድ ዛፍ ጥለው ነበር። ምሳሮች ተሰበሰቡ። አበረ አዲሱ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን አየና፣ «የወንድሜን ተዝካር ለፍርድ ቤት አበላሽው» አላት። እስከዳርን ያመማት ነገሩ እውነት ስለነበረበት ነው።

የተዝካሩ ዕለት የተገኙት ካህናቱና የቅርብ ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ። ለእነሱም ሳይበቃ እንጀራው ወደ ማለቁ ሲል አንድ ሰው ፈረስ እየሳበ ከደጅ ቆመ። ምስጋናው ነው። ፈረሱ ጤፍ ተጭኗል።

«የጻፍህበትን ከፍዬሃለሁ እኮ» አለች እስከዳር።

«ከፍለሽኛል። ይኼ ለአንቺ አይደለም፤ ለአባትሽ ነው።» ዐይኖቹን ከመሬት አላነሣም። «የተዝካር እህል ትመልሻለሽ?»

አትመልስም። ያን የሚመልስ ሰው በአገሩ የለም። ዘወር ብላ መንገድ ለቀቀችለት።

እናቷ ስሜነሽ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ማነው ይኼ ልጅ?»

«ራፖር ጸሐፊው ነው።»

«ራፖር ጸሐፊ ሁሉ ጤፍ ጭኖ ይመጣል?»

ክርክሩ በሽምግልና አለቀ። አበረ ከታችኛው ጥግ ድርሻ ተሰጠውና የነጋዴውን ቀብድ መለሰ። እስከዳር ዓመቱን ጠብቃ ከሏን ስታወጣ ምስጋናው ሽማግሌ ላከ፤ የላከውም እነዚያኑ ሦስቱን ነበር።

«ለዚህኛውስ ምስክር ያስፈልጋል አለን» አሉ ቄስ ኪዳነ ማርያም፣ እየተቀመጡ። «ምሳውን ግን እሱ ችሏል።»

የሠርጉ ዳስ ከዚያው ጓሮ በተቆረጠ እንጨት ተጣለ።

አብረው ኖሩ። ማታ ማታ በባለጉዳዮቹ ነገር ያስቃት ነበር፤ ስትስቅ አሁንም ዐይኑን ዝቅ ያደርጋል። ልጃቸው ፊደል በለየችበት ዓመት ምስጋናው ታመመ። ደብረ ማርቆስ ተመላልሶ ታከመ፤ አልዳነም።

ተዝካሩ ሲቃረብ አበረ ምሳሩን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። አርጅቷል። ጓሮው መግቢያ ላይ ቆመና ወደ ውስጥ ሳይገባ ጠበቃት።

«ለዳሱ የትኞቹን ልቁረጥ?» አላት።

እስከዳር ዛፎቹን አየች። ያኔ ቆራጮቹ ከጣሉት ዛፍ ጉቶ ዙሪያ ያቆጠቆጡት ግንዶች ቁመታቸው ከቤቱ አልፏል። ምስጋናው እሑድ እሑድ ጀርባውን አስደግፎ የሚቀመጠው እዚያ ነበር።

«የፈለጉትን ይቁረጡ ጋሼ» አለች። «እነዚያን ግን ይተዉልኝ።»

«እነዚያንማ» አለ አበረ፣ «ማን ይነካቸዋል።»

ምሳሩን አወረደና፣ ዞሮ ከወዲያኛው ጥግ ጀመረ።