ጆሮው ብቻ የጠራ ፎቶ

ልጅቷ ሁለቱን ሌንሶች የካሜራ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ማፍጠጥ ከጀመረች ቆይታለች። አንዱን የሠራው የካሜራዋ ፋብሪካ ራሱ ነው። ሌላው ለዚያው ካሜራ የሚሆን፣ ስሙ ብዙም ያልተሰማ ፋብሪካ የሠራው ርካሽ ነው። ኦርጅናሉን ከገዛች ለስቱዲዮ ብላ ያየችው ክፍል መቅረቱ ነው። ርካሹ ደግሞ የሰው ፊት ካበላሸባት ደንበኛ አይመለስም።

«ሰው ላይ ካልሞከርሽው አይታወቅም» አላት ሻጩ። የሱቁ ባለቤት አክስቱ ናቸው። እሱ ዓይን አፋር ነው፤ አንደበቱ የሚፈታው ስለ ዕቃ ሲያስረዳ ብቻ ነው።

«ማን ላይ?»

ዙሪያውን ቃኘ። ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠላት። በኦርጅናሉ ስታነሳው ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ድርቅ አለ። ሌንሱን ስትቀይር ዘና እንዲል ብላ ወሬ ጀመረች። ስቱዲዮ ስለሌላት ወንድሟ ቤት ሳሎን ውስጥ ሙሽሮች ስታነሳ፣ ወንድሟ በፒጃማ ከኋላቸው እያዛጋ እንደሚያልፍ ነገረችው። ሳቀ። ሲስቅ ሌላ ሰው ሆነ፤ ልቧ ደንገጥ አለ። እንዳላየች ሆና ማንሳቷን ቀጠለች።

በማግስቱ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«ኦርጅናሉን ስጡኝ፤ የስቱዲዮ ክፍሉ ይቅርብኝ» አለች፤ አሳትማ ያመጣቻቸውን ፎቶዎች እየዘረጋች። በኦርጅናሉ የተነሳው ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ጥርት ብሏል። በርካሹ የተነሳው ግን ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው ብቻ ነው የጠራው። «ጆሮ ለማንሳት ስቱዲዮ አልከፍትም።»

ዛሬ ሱቁ ውስጥ የነበሩት አክስቱ ደስ አላቸው። «ርካሽ ነገር እንዲህ ነው። የኔ ልጅ፣ ክፍሉ ሌላ ጊዜ ይገኛል» ብለው ማሸግ ጀመሩ። ልጅቷ «እሺ» አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ሻጩ ፎቶዎቹን ትክ ብሎ አያቸው። ምን እንደተፈጠረ ገባው። ዝም ቢል አክስቱ ይደሰታሉ፣ እሱም ከሀፍረት ይድናል። እሷ ግን ወደ ወንድሟ ሳሎን ትመለሳለች።

«አክስቴ፣ አይታሸግ» አለ። «ሌንሱ ጥፋት የለበትም።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የኔ።» ፎቶው ላይ የደበዘዘውን ዓይኑን በጣቱ አሳየ። «ጥራቱን ዓይኔ ላይ አስተካክላ ነበር። እንዲህ ያለው በእጅ የሚስተካከል ሌንስ ደግሞ ተነሺው ትንሽ እንኳ ከተጠጋ ዓይኑን ስቶ ጆሮው ላይ ያርፋል። እኔ ተጠግቼ ነበር።»

«ተቀመጥ የተባለ ሰው ምን ያስጠጋዋል?»

ወደ ልጅቷ ለማየት አልደፈረም። «ስታወራ ደስ አለችኝ። ሳይታወቀኝ ወደ እሷ ሄድኩ።»

አክስቱ ካርቶኑን አስቀመጡት። «ወይ ጉዴ! ሽያጬን ገደል ከቶ እኮ ነው እንዲህ የሚለው» አሉና እየሳቁ ወደ ጓዳ ገቡ።

ልጅቷ ፎቶውን አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ቆይታ ደግሞ ወደ እሱ ቀና አለች።

«ሁሉም ያንተ ጥፋት አይደለም» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንዴት?»

«ካሜራ የያዘውም ሰው ሲጠጋ እንደዚሁ ነው የሚሆነው።» ጉንጯ ቀላ፤ ዓይኗን ግን ከዓይኑ አልነቀለችም። «አንተ የተጠጋኸው ትንሽ ነው። የቀረውን የተጠጋሁት እኔ ነኝ።»