ለአንድ ማሽን ብቻ

ምትኩ ጠዋት ስቱዲዮውን ሲከፍት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው የኢንተርኔቱን ገመድ ከኮምፒውተሩ መንቀል ነው። ከእጅ ወደ እጅ በሀርድ ዲስክ የተቀዱ፣ ፈቃድ ያልተገዛላቸው የሙዚቃ ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ካገኙ ይቆለፋሉ፤ እሱ የሚያውቃቸው የአዳማ አቀናባሪዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ከዚያ በሩን ይዘጋል። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ጥቁር ስፖንጅ ስለለበሰና መስኮት ስለሌለው፣ ውጭ ፀሐይ እየፈጀም ውስጡ ጨለማ ነው፤ የባጃጁ ጩኸት ይቀርና የራሱን ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ የጋለ ሽቦና የቆየ አቧራ ይሸታል። ይህን ሽታ ይወደው ነበር።

አሁን አሁን ግን ወደዚያ ክፍል የሚመጣ ዘፋኝ ጠፍቷል። ሁሉም ወደ ሱራፌል ይሄዳል፤ ያ ምትኩ ራሱ ኪቦርድ ያስያዘው፣ ቅርንፉድ እያኘከ የሚያንጎራጉር የትናንት ተማሪው። የመጀመሪያ አልበሟን ምትኩ የሠራላት ዘውድነሽ እንኳ «የሱሬ ማሲንቆ ያስለቅሳል» ብላለች አሉ። ያ ደግሞ እውነተኛ ማሲንቆ አይደለም፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሚጫን፣ የማሲንቆ ድምፅ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል፤ ምትኩን የጀመረው ከጥርሱ ነው፣ ተኝቶ እንኳ ያፋጨዋል። ሐሙስ ከሰዓት ዘውድነሽ መጥታ ሥራውን ትሰማና አዲሱን አልበም ለማን እንደምትሰጥ ትወስናለች። እሷም ካመለጠችው ስቱዲዮውን ከመዝጋት ሌላ ምርጫ የለውም።

ስለዚህ ሱራፌል ለበዓል «ጋሽ ምትኩ፣ እንኳን አደረሰዎ» ሊል የመጣ ዕለት፣ ቦርሳውን ትቶ ስልክ ሊያነጋግር ሲወጣ፣ ምትኩ ማሲንቆውን ቦርሳው ውስጥ ከነበረው ሀርድ ዲስክ ቀዳበት።

ማሲንቆው አልከፈት አለ። ምትኩ የሚያቀናብርበት ዋናው ፕሮግራም «አይስማማም» እያለ ይመልሰዋል። አሮጌውን አራገፈ፣ አዲስ ጫነ፣ ፋይሉን ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው አዛወረ፣ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ አጥፍቶ አበራ። ረቡዕ ጠዋት ተከፈተለት። ስክሪኑ ላይ «ባለፈቃድ፦ ሱራፌል» የሚል ጽሑፍ መጣ። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ኮምፒውተሩ የዚያን ልጅ ስም ሲያነብ ጥርሱን አፋጨ።

አንድ ቁልፍ ተጫነ። ድምፁ ያምራል፤ ማማሩ ይበልጥ አናደደው። እጁን ካነሳ በኋላ ግን ከድምፁ ሥር የሰው ትንፋሽ መሰማቱን ቀጠለ፤ ቀስ ብሎ የሚገባ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ። ማይኩን ነቀለ። የማሲንቆውን መስመር ዘጋው። የድምፅ መለኪያው አረንጓዴ መብራት አሁንም ከትንፋሹ እኩል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከስፖንጁ ውስጥም የቅርንፉድ ሽታ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን በርግዶ ይወጣ ነበር። ምትኩ ግን ያሰበው «ለካ የሚያስለቅሰው ይሄ ነው፤ ደብቆኝ ነበር» ብቻ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ያንን ስም ማየት አላስችል አለው። «ፈቃድ አዛውር» የሚለውን ተጫነ።

«ፈቃዱ ለአንድ ማሽን ብቻ ነው። ከነበረበት ተነሥቶ እዚህ ይጫን?» የሚል ጥያቄ መጣ። አዎ አለ። «የአዲሱ ማሽን ስም?» አለው ቀጥሎ። ምትኩ ለኮምፒውተሩ ስም አውጥቶለት አያውቅም፤ የሱራፌልን ስም ለመደምሰስ ቸኩሎ ባዶው ቦታ ላይ የራሱን ጻፈ።

«ባለፈቃድ፦ ሱራፌል። ማሽን፦ ምትኩ። ተጭኗል።»

ስሙ አለመጥፋቱ አበሸቀው። ፈቃድ ያለ ኢንተርኔት እንደማይዛወር፣ ገመዱም እንደተነቀለ መሆኑ ትዝ ያለው ዘግይቶ ነው። ትንፋሹ ከስፒከሩ ጠፍቷል፤ ክፍሉ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ ምላሱን ደግሞ ቅርንፉድ ቅርንፉድ አለው። ኪቦርዱ ላይ እጁን ሲያሳርፍ ጣቶቹ ቀለሉት፣ ተምሮት የማያውቀውን ዜማ አከታትለው ተጫወቱ። ከጥርሱ በስተጀርባ አንድ ሰው አብሮት ያንጎራጉር ነበር። ምትኩ ደስ አለው፣ አላቆመም።

ዘውድነሽ ከሰዓት መጣች። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችና በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች።

«ጋሽ ምትኩ፣ አልበሙ የእርስዎ ነው» አለች።

ስንት ዘመን የጠበቃት ቃል ናት። ያ ልጅ በር ላይ ቆሞ ይህን ቢሰማ ብሎ ተመኘ።

«ሱሬ ጋ ቀድሜ ደርሼ ነበር» አለች ዘውድነሽ፣ ቦርሳዋን እያነሳች። «በሩ ክፍት ነው፣ ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ጫማው እንኳ አልጋው ሥር ነው፤ እሱ ግን የለም። ጎረቤቶቹም ሲወጣ አላየንም አሉኝ። የት ሄዶ ይሆን?»

ምትኩ «እኔ ምን አውቄ» ሊል አፉን ከፈተ፤ «እዚሁ ነኝ፣ ዘውዴ» ሲል ግን የራሱን ድምፅ ሰማ።