የቀትሩ ሽማግሌና ቤት ገዢው

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ ዛሬ የሚመጣ አይመስልም። ጨለማው ይሻለኛል፤ ፊታችሁን እያየሁ አልናገረውም።

ነገ የጋሽ ምትኩ ሠልስት ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ቤት ሊገዙ መጥተው ስለ ቤቱም ስለ ሰፈሩም ሲጠይቁኝ፣ እያወቅኩ አታለልኳቸው። በሕይወት ሳሉ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ቤቱ የትኛው ነው? ይኼው የተቀመጥንበት ነው።

ኧረ ቁጭ በሉ! ገና ምኑን ጀመርኩት።

ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። ለወጌ እንዲመቸኝ «አንተ» ልበላቸው፤ ልጆቻቸው አትቀየሙኝ።

ሰዓቱ ስድስት ነው። የሌሊቱ መሰላችሁ? የቀኑ ነው። ሌሊትማ የጅብ ነው፤ ቀትር የማን ነው? ስሙን አትጥሩ። ጥላ እግር ስር የሚገባበት ሰዓት ነው። መንገዱ ጭር ብሏል። ዶሮ የለ፣ ውሻ የለ፣ ሰው የለ። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ይመጣል። ብቻውን ይመጣል። ምትኩ ነው።

ደላላውስ? ደላላው «በቀትር ስወጣ ራሴን ያመኛል» ብሎ ቁልፉን ሰጥቶት ቀርቷል። ደላላ ቤት አላሳይም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም። ምትኩም አልሰማም፤ ግን ጊዜ አልነበረውም። ሚስቱ እልፍነሽ አራስ ናት፤ የታቀፈችው አንቺን ነው፣ ማስተዋል። ከአንቺ በላይ ሦስት ልጆች አሉ። አከራያቸው ደግሞ «ልጆቻችሁ ግድግዳዬን በከሰል ጨረሱት፤ እስከ እሑድ ውጡልኝ» ብላለች። ቀኑ ሐሙስ ነው። ስድስት ነፍስ እሑድ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው።

ቢሆንም ምትኩ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ሳይጠይቅ አይገዛም። የልጁን ደብተር ይዟል። መጀመሪያ ጎረቤት ልጠይቅ አለ። ጎረቤቷ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች። ያቺ ጎረቤት እኔ ነኝ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ? ሰፈሩ እንዴት ነው?»

«ጸጥ ያለ ነው።»

«ሌባ?»

«እዚህ ቤት ሌባ ዝር ብሎ አያውቅም።» ይህስ እውነት ነው።

«ቤቱ ሰው አለበት እንዴ?»

እዚህ ላይ ምን ልበል? «ሰው እንኳ የለበትም» አልኩ። «አንድ ሽማግሌ ግን በቀትር ብቅ ይላሉ። ግራዝማች ወልደየስ ይባላሉ። የድሮ ሰው ናቸው፣ ክብር ይወዳሉ። ሲመጡ ብድግ ብለው ኖር ይበሏቸው፤ ሌላ ምንም አይፈልጉም።»

«ይሄማ ወጉ ነው» አለና አመስግኖኝ ሄደ።

ለምን እንዲህ አልኩት? ግራዝማች በዚህ ቤት ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እኔ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ሰፈሩ ውስጥ ስገባ ይህን ማን ነገረኝ? ማንም። አንድ ቀን በቀትር ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በሬ ላይ ቆሙ። አስተዳደግ አለኝ፤ ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩ። «በእግዜር» አሉና ተቀመጡ። መሸ፤ አልሄዱም። ነጋ፤ አልሄዱም። «አባቴ፣ ቤትዎ አይሄዱም?» ብላቸው «ኖር አላልሽኝም? ይኼው እየኖርኩ ነው» አሉ። አዲስ ኖር ባይ ካልፈለጉ በቀር ለእኔ ብቻ ነው የሚታዩት። ሌላው ሰው የሚሰማው ሳላቸውን ብቻ ነው። ባሌ «ማን ነው የሚያስለው?» እያለ ሲያኮርፈኝ ዘጠኝ ወር ሆነ። በየቀትሩ የድሮ ቤታቸውን ለማየት ሄደው ይመለሳሉ። «ሌላ ሰው ኖር ካለኝ እለቅልሻለሁ» ብለውኛል።

አሁን ወደ ምትኩ እንመለስ። ከፈተ፤ ገባ። ግድግዳውን በጣቱ መታ። ኳ ኳ ኳ። ግድግዳው ምን አለ? ኳ ኳ ኳ አለ። ምትኩ «ግድግዳው ጠንካራ ነው» ብሎ ጻፈ።

ከጓዳ አንድ ነገር «እህ እህ» አለ። «ጎረቤት ቅርብ ነው» ብሎ ጻፈ።

በሩ ተዘግቶ ሳለ ብርድ አንገቱ ላይ እፍ አለበት። «ነፋሻ ነው፤ ለአራስ መጋረጃ ያስፈልጋል» ብሎ ጻፈ።

ቁጢጥ ብሎ ምሰሶ ሲመረምር አንድ ድምፅ «እሷ ደህና ናት፤ ያችኛዋን ነው ምስጥ የበላት» አለ። ምትኩ «ምስጥ» ብሎ ጻፈና እርሳሱ ቆመ። ማን ነው የተናገረው? ዞር አለ። መጀመሪያ የከዘራ ጫፍ አየ። ቀጥሎ የጋቢ ጥለት አየ። ቀጥሎ ጺም አየ። በመጨረሻ ሙሉ ሽማግሌ ሆነ።

ምትኩ ምን አደረገ? ያስተማርኩትን አደረገ። ብድግ አለ። «ኖር!» አለ።

«በእግዜር!» አሉ ግራዝማች፣ ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ። «ተቀመጥ ልጄ፤ ጠይቀኝ። ይህን ቤት እንደ እኔ የሚያውቀው የለም።»

ምትኩ ደስ አለው። ደብተሩን ገለጠ። «ጣራው ያፈሳል?»

«በምዕራብ በኩል ብቻ።»

«ጎረቤቷስ እንዴት ናት?»

«ባለሙያ ናት፤ ውሸት ግን ትችላለች።»

«ዕድሩስ?»

«ዕድሩ ጥሩ ነው። እኔን በሥርዓት ነው የቀበሩኝ። ድንኳናቸው ብቻ ትንሽ ቀዳዳ አለው።»

ምትኩ «ድንኳኑ ቀዳዳ አለው» ብሎ ጻፈ። የጻፈውን አነበበ። እንደገና አነበበ። ቀና አለ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ፤ ጀርባቸው ያለው ግድግዳ በሆዳቸው በኩል ይታያል።

እንዴት እንደወጣ አልጠየቅኩትም። እኔ ያየሁት ጫማው አንዱ እጁ ላይ፣ አንዱ እግሩ ላይ ሆኖ ሲያልፍ ነው።

ይህን ቤት አልገዛም ብሎ ቆርጦ ወደ ኪራይ ቤቱ በረረ። ማን ቀድሞት ደርሷል መሰላችሁ? ግራዝማች በአራሷ አልጋ ግርጌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ቤትዎ እኮ ያ ነው!» አለ ምትኩ በሹክሹክታ።

«ኖር አልከኝ እንጂ እዚያ ኖር አላልከኝም።»

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለች እልፍነሽ።

ይህን ጊዜ ግራዝማች አሳሉ። አከራይዋ በመጋረጃ በኩል ብቅ አለች። «ይሄ ደግሞ የማን ሳል ነው? ስድስት ነን ብላችሁ ሰባተኛ አስገባችሁብኝ? በሉ እሑድም አልጠብቅ፤ ዛሬውኑ ውጡ!»

ሰባት ሆነው የት ይሂዱ? በዚያው ቀን የግራዝማች ወራሾች ዘንድ ሄዶ ይህን ቤት ገዛ። ቢያንስ ሽማግሌው ክፍል አላቸው።

እኔስ? ቤቴ ባዶ ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ እልል አልኩ።

ምትኩ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እንዳታለልኩት አላወቀማ። ሁሉን ያጫወተኝ እሱው ነው፤ ባገኘኝ ቁጥር «እህቴ፣ ስለ ሽማግሌው ባትነግሪኝ ሳልነሳላቸው ቀርቼ ምን ይውጠኝ ነበር?» ይለኛል። እኔም «ምን አደረግኩ» እላለሁ።

ልጆች ሆይ፣ ትልቁ ክፍል ለምን ሁልጊዜ «ዕቃ ቤት ነው» ተብሎ ይቆለፍ እንደነበር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ለምን እንዳደራችሁስ? አባታችሁ ሰምታችሁ እንዳትፈሩ፣ ግራዝማች ባሳሉ ቁጥር አብሮ ማሳል ለመደ። በየቀትሩ ሥራውን ትቶ እየመጣ ይነሳላቸው ነበር። ያለፈው ሳምንት እግሩ እምቢ እያለው፣ በቀትር ግድግዳ ይዞ ሲነሳ «አባዬ ተኛ እንጂ» ብላችሁ ስትይዙት፣ «እንግዳ መጥቷል» ሲላችሁ፣ ቅዠት ነው አላችሁ። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ለማን እንደሚነሳ አውቃለሁ። ቅዠት ነው አልኩ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አባታችሁን የቀበርነው ትናንት ነው። ዛሬ በቀትር ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያሳለው ማን ነው?

አዎ። ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ቤት ለማየት ብቻችሁን አትሂዱ። በቀትር አትሂዱ። ጎረቤት ብትጠይቁም የሚቸግራት ነገር እንዳለ መጀመሪያ እሷን እዩ። ነገ ደግሞ ሠልስት ነው፣ ሰው ይበዛል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ከዚያ በር በከዘራ የሚወጣ ካያችሁ ማንም እንዳይነሳ። እኔ እነሳለሁ። ዘጠኝ ወር የቻልኩትን አሁንም እችለዋለሁ።

አባታችሁን አታልዬዋለሁ። ይቅር በሉኝ።