የቤቱ እጀታ

ገና ትንሽ ሳለች፣ አናጺው አባቷ ከአንድ ደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰምታ ነበር። «ማጠፊያው ተሰብሯል፤ መስኮቱን በሙሉ መልሰህ ውሰድልኝ!» ይላል ደንበኛው። «መስኮቱ ምን አጠፋ?» ይላል አባቷ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ ግን ትዝ አይላትም።

ዛሬ ይህን ያስታወሷት የክፍሏ የቋንቋ መምህር ናቸው። ሰሌዳው ላይ ስለ ሙሉ ነገርና ስለ አካሉ ጽፈው፣ «ጥፍር የጣት አካል ነው፤ ጣት ደግሞ የእጅ» አሉ። «ግን ሁልጊዜ እንዲህ እየተያያዘ አይሄድም። እጀታ የበር ነው፤ በር የቤት ነው። ‹የቤታችን እጀታ ላላ› የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ቤታቸው ሻንጣ ከሆነ ይላሉ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ሳቁ ሳይበርድ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ገቡ። «ትናንት በእናንተ ክፍለ ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ የዓለም ካርታ ግሎብ ተሰብሯል። የሰበረው እጅ የተማሪ ነው፤ ተማሪው የዚህ ክፍል ነው። ስለዚህ የሰበረው ይህ ክፍል ነው! እስከ ፈተናው ድረስ ማናችሁም ቤተ መጻሕፍት አትገቡም።»

ደሟ ፈላ። እቤቷ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ እንኳ የለም። ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ልክ እንደ ቤቱ እጀታ ነው! አንድ እጅ ሰበረ እንጂ አርባ ሁለታችን አልሰበርንም!»

«እሺ፣ የማን እጅ ነው? ንገሪኛ!»

መልሳ ተቀመጠች። አይታለች። ቅመም የሚሏት ጓደኛዋ ግሎቡን እንደ እንዝርት ስታሾረው ነው ከጠረጴዛው የወደቀው። ቅመም አሁን ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። የቋንቋ መምህሩም ጠመኔያቸውን ያገላብጣሉ።

በእረፍት ሰዓት ሁለቱ ጓደኛሞች ቧንቧው ጋ ተገናኙ።

«ስላላሳበቅሽብኝ አመሰግናለሁ፣ የኔ ቆንጆ» አለች ቅመም።

«አታመስግኚኝ! እኔ ለሁላችን ስጮህ አንቺ ደብተር ውስጥ ተደበቅሽ!»

«ታዲያ ብቻዬን ልቀጣ?»

«ስትሰብሪውስ ከማን ጋር ነበርሽ?»

ቅመም ቧንቧውን ዘጋችው፤ መልሳ ከፈተችው። «በፈጣሪ፣ ሳላስበው እኮ ነው። እናቴን ቢያስጠሩስ?»

«ሳላስበው ነው በያቸዋ! ሰው ሁሉ ያለ መጽሐፍ ይፈተንልሽ? አላሳብቅብሽም። ነገ ግን አጠገብሽ አልቀመጥም።»

ውኃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ደወሉ ሲጮህ ቅመም እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አየች።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «ክፍል ከመግባቴ በፊት ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንቺ በር ላይ ቁሚልኝ።»