የሃይሚ ቁጥር አምስት ዳይፐር

«ነይ፣ እህትሽን ተቀበዪኝ!» አሉ እትዬ በለጡ፣ ነፃነት ገና የግቢያቸውን በር ስትገፋ። በአንድ እጃቸው ሃይሚን አቅፈዋል፤ በሌላው የረጠበ ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ይዘዋል። «ይኸው ዛሬም አጠበችኝ! ልጅ መያዝ ጠልቼ አይደለም፤ ግን በቀን ስንቴ ልብስ ልቀይር? እንዲህ ከሆነ ለሰኞ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ነፃነት የደብተር ቦርሳዋን ሳታወርድ እህቷን ታቀፈች። ሃይሚ ከወገቧ በታች በስብሳ ትስቃለች። ምን ቸገራት!

ሰኞ እናታቸው ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራ ትመለሳለች፤ ሃይሚ ከወዲሁ እንድትለምዳቸው ብለው ነው እትዬ በለጡ የሚይዟት። አባታቸው ሾፌር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ነው የሚያድረው። እትዬ በለጡ እምቢ ካሉ ሕፃኗን የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል፤ እሷም ነፃነት ናት። ዘንድሮ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። እናቷ «ለጥቂት ቀን ብቻ ብትቀሪስ…» ብላ ጀምራ ስትተወው ሰምታታለች። ይህችን «ጥቂት ቀን» ነፃነት በደንብ ታውቃታለች። ጎረቤታቸው ፌበን ለጥቂት ቀን ተብላ ቀርታ ዓመቱ አምልጧታል።

«አልቀርም!» አለች ለራሷ፣ ቁልቁለቱን እየወረደች።

ቤት ስትገባ ሃይሚን አልጋው ላይ አስተኝታ ልብሷን መቀየር ጀመረች። «እማ፣ ይሄ ዳይፐር አይረባም» አለች።

«አፍሽን ያዢ! እትዬ አገርነሽ ያመጡት ነው እኮ። ከውድም ውዱን ነው የገዙላት።»

እትዬ አገርነሽ የሃይሚ የክርስትና እናት ናቸው። ሃይሚ የካ ሚካኤል ክርስትና በተነሳችበት ዕለት፣ ጆንያ የሚያህል እሽግ አስይዘው ከሲ.ኤም.ሲ መጡ፤ እንግዳው ሁሉ መረቃቸው። እሽጉ ላይ ትልቅ አምስት ቁጥር አለ። «ታድግበታለች ብዬ ከፍ ያለውን ነው የያዝኩላት» ሲሉ ማንም ምንም አላለም። ምን ይባላል? ነፃነት ራሷ የዩኒፎርሟን እጅጌ ሁለቴ አጥፋ ነው የምትለብሰው። በዚህ ሰፈር ልኩን የለበሰ ልጅ ከተገኘ ከሰው የተዋሰው መሆን አለበት።

አዲሱን ዳይፐር አሰረችላትና በሃይሚ ጭንና በዳይፐሩ ጠርዝ መሃል ጣቷን አስገባች። ጣቷ ብቻ አይደለም፣ ጭብጧ ሙሉ ገባ። እሽጉን ገልብጣ አነበበች። የሃይሚን እጥፍ ለሚመዝን ልጅ የተሠራ ነው።

«እማ፣ ዳይፐሩ አይደለም ጥፋተኛው። ሰፍቷት ነው!»

«ጠበቅ አድርገሽ እሰሪዋ በቃ። ወደ ጨርቅ እንዳንመለስ ውኃው በፈረቃ ነው፤ በምን እናጥበዋለን?»

ነፃነት ግን ሱቅ ሄደች። ጋሽ ከበበ ዳይፐር በፍሬ ይሸጣሉ። ከርካሹ ዓይነት አንድ ፍሬ ቁጥር ሦስት ገዝታ መጣችና ከአንዱ ቁጥር አምስት ጋር ጎን ለጎን ሳፋ ውስጥ ዘረጋቻቸው። በሻይ ብርጭቆ ውኃ እኩል እኩል እየለካች ታፈስባቸው ጀመር።

«አበድሽ እንዴ?» አለች እናቷ።

«ቆይ ባክሽ።»

ሁለቱም ጠጡት። በሶፍት ስትጫናቸው ሶፍቱ እምብዛም አልረጠበም። ርካሹም ቢሆን ወንድ ነው! በማግስቱ ጠዋት ሌላ ፍሬ ገዝታ ለሃይሚ አሰረችላት። ሃይሚ ጠባች፣ ተኛች፣ ተነሳች፤ ቀሚሷ ደረቅ ነው። እናቷ መጥታ በእጇ ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች። ደስታዋ ግን አልቆየም።

«እሺ፣ ያን ሁሉ እሽግ ምን እናድርገው? ሌላ የምንገዛበት የለንም።»

ነፃነት ይሄንንም አስባበታለች። ጋሽ ከበበ ዘንድ ሄዳ እሽጉን በቁጥር ሦስት ልለውጥ ብትላቸው፣ «የተከፈተ አይለወጥም!» አሉ ቀና እንኳን ሳይሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በፍሬ ነው የሚሸጡት። ያልተከፈተ ቢሆንስ ራስዎ ይከፍቱት የለ?»

ጋሽ ከበበ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ፣ ከዚያ ሳቁ። «ወይ አንቺ ልጅ! ጠበቃ ነው የሚወጣሽ። በይ አምጪው። ያ ውድ ስለሆነ ከዚህኛው በርከት አድርጌ እሰጥሻለሁ።»

እየሮጠች ቤት ተመልሳ እሽጉን አነሳች። እናቷ ግን እሽጉን ከእጇ ቀማቻት።

«የክርስትና እናቷን ስጦታ እሳቸው ሳያውቁ ሱቅ ልናወጣው? ሰው ምን ይላል? ነገ ይመጣሉ እኮ፤ መጠየቃቸው አይቀርም!»

«እና ሰኞ ማን ይያዛት?»

እናቷ እሽጉን አልጋው ሥር ገፋችው። «አልቋል እንበላቸው ይሆን?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ነፃነትም ይቺን ነገር ሳታስባት አልቀረችም። ቀላል ናት፣ ማንም አይቀየምም።

«እማ፣ አልቋል ካልናቸው ሌላ ቁጥር አምስት ነው ይዘው የሚመጡት!»

እናቷ ሳትወድ በግድ ሳቀች። ነፃነት አልሳቀችም። የእናቷን ስልክ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። እናቷ ልትከለክላት እጇን ዘረጋች፤ ግን መልሳ ሰበሰበችው።

ስልኩ ጠራ። «ሃሎ፣ እትዬ» አለች ነፃነት።

«አቤት! ነፂ ነሽ? ሃይሚዬ እንዴት ናት? ዳይፐሩስ ተስማማት?» አሉ እትዬ አገርነሽ።

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እትዬ… ዳይፐሩ ሰፍቷታል። እስካሁን አንዴም አልያዘላትም፤ እትዬ በለጡም ልብሴን አበሰበሰችው ብለው ሰኞ አልይዛትም እያሉ ነው። ጋሽ ከበበ በልኳ ሊለውጡልን ነው፤ እርስዎን ሳልጠይቅ ግን አልወስደውም።»

እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ሰፍቷታል?» አሉ እትዬ አገርነሽ፣ ቅር ባለው ድምፅ። «እኔ እኮ ታድግበታለች ብዬ ነው የገዛሁላት!»

«ታድጋለች እትዬ» አለች ነፃነት። «እስክታድግ ድረስ ግን እኔ ትምህርት ቤት መሄድ አለብኝ።»

«በይ እሺ፣ ሂጂና ለውጪላት» አሉ እትዬ አገርነሽ፣ «ነገ ስመጣ በልኳ ታስራ ልያት።»