ጨው የማይነካው ሳሕን

«ዶሮ ነው ዓሣ?» አለች የአውሮፕላኑ አስተናጋጅ ጋሪዋን አቁማ።

«ለእኛ ዶሮ፣» አለች ኤስሚን። ከዚያ በአገጯ ወደ መስኮቱ ወንበር አመለከተች። «ለእሱ ዓሣ።»

ወንበሩ ላይ ሰው የለም። ቀበቶ የታሰረለት አሮጌ ግራጫ ባርኔጣ ብቻ ተቀምጧል።

«የአባቴ ቦታ ነው። ቲኬቱ ተቆርጦለታል፤ እሱ ግን ከታች ነው፣ ከሻንጣዎቹ ጋር።»

አስተናጋጇም እንደ እነሱ ጃማይካዊት ነበረችና ሌላ አልጠየቀችም። የዓሣውን ትሪ ባርኔጣው ፊት ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና አለፈች።

መሐል የተቀመጠችው ሸሪን ምግቧን መንካት አቃታት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ለንደን የሄደችው ከአክስቷ ከኤስሚን ጋር አያቷን ሊንቫልን ወደ አገሩ ለማምጣት ነበር። አርባ ስምንት ዓመት በሰው አገር የኖረው ሽማግሌ ለጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ሞተ። አሁን በሬሳ ሣጥን ሆኖ ከእግራቸው በታች አብሯቸው ይበራል።

«ጨዉን አንሺለት፣» አለች ኤስሚን።

ሸሪን ከትሪው ላይ ትንሿን የጨው ፓኬት አነሳች። ለሟች በሚቀመጥ ሳሕን ጨው አይገባም። ጨው የቀመሰ መንፈስ ይከብዳል፤ መብረር ያቅተዋል ይላሉ የሰፈሯ ሰዎች። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ሳቅ የሚባል ነገር ከየት ይምጣ።

ከባርኔጣው በላይ የአስተናጋጅ መጥሪያው መብራት በራ። አስተናጋጇ መጥታ አጠፋችው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና በራ።

«ተበላሽቶ ነው፣» አለች እየሳቀች።

ሸሪን ግን የሚጠራው ማን እንደሆነ የምታውቅ መሰላት። *ትንሽ ብቻ፣ ሸሪንዬ። ምላሴ ላይ ላድርጋት።* አያቷ በአረጋውያን መጦሪያው አልጋ ላይ ሆኖ ልክ እንደዚያ ነበር ያላት። ሐኪሙ ጨው በአፉ እንዳይዞር ከልክሎት ነበር። እሷ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከጃማይካዊው ሱቅ የጨው ዓሣ ጥብስ በወረቀት ጠቅልላ፣ ጃኬቷ ውስጥ ደብቃ አስገባችለት። በአራተኛው ቀን ልቡ ቆመ።

«እስቲ ስሚው፣» አለች ኤስሚን ስልኳን አውጥታ፤ ለመጦሪያው የጻፈችውን አቤቱታ አነበበች። «አስታማሚዋ ኮምፎርት ሐኪም የከለከለውን ጨው ለአባቴ ስታበላው ነበር። ትራሱ ሥር ዘይት የጠጣ ወረቀት አግኝቻለሁ። ከሥራ እንድትባረር እጠይቃለሁ።» ቀና አለች። «ጥሩ ነው? ስንወርድ እልከዋለሁ።»

«እሷ መሆኗን በምን አወቅሽ?»

«ታዲያ ማን ይሆናል? እኔ ነኝ? አንቺ ነሽ?»

ሸሪን ኮምፎርት የሽማግሌውን ጥፍር እየቆረጠች የምታንጎራጉረው ነገር ትዝ አላት። አንድ ቀን ከንፈሩ ላይ የቀረውን ዘይት ጠርጋለት፣ ምንም እንዳላየች ሆና አልፋ ነበር።

ትሪዎቹ ተነሱ። የሊንቫልን ግን ኤስሚን አላስነሳችም፤ «ገና አልጨረሰም» አለች። መብራቱ እየበራ እየጠፋ ባሕሩን ተሻገሩ። ሸሪን ፓኬቷን ከመጨበጧ ብዛት መዳፏን አላባት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ግን እሱ ያውቃል፤ እዚያው ከሥሯ ነው። ፈራች። ከእሱ ይልቅ ደግሞ ዝምታዋን ፈራችው።

አውሮፕላኑ ኪንግስተን ላይ መሬት ሲነካ ተሳፋሪው እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ኤስሚንም እያለቀሰች አጨበጨበችና ስልኳን ከፈተች።

ሸሪን ላብ ያራሳትን ፓኬት ስልኩ ላይ አስቀመጠችው።

«አክስቴ፣ አትላኪው። ጨው ያበላሁት እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ተነስቶ ሻንጣውን ማውረድ ጀመረ። ኤስሚን አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ ሲለዋወጥ ሸሪን አየች፤ ጥፊም ጠበቀች። አክስቷ ግን ለረጅም ጊዜ ባርኔጣውን ስታይ ቆየች።

«ሲበላ ምን አለ?» አለች በመጨረሻ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ሸሪን የባርኔጣውን ቀበቶ ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ፣ ምንም ሳታስቀር ትነግራት ጀመር።